ክሪፕ ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጭነት ተሸክሞ ሙቀት ውስጥ የቆየ ብረት ቀስ እያለ ይለጠጣል። ይሄን ነው ክሪፕ የምንለው። ጭነቱ አይጨምርም፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የሚሄደው።

ትዕግሥቴን የጨረሰው ስህተት በሴልሺየስ ማካፈል ነው። ክሪፕ ያሰጋል ወይ ለማለት የሥራውን ሙቀት ለመቅለጫው ሙቀት እናካፍላለን። 0.4 አካባቢ ሲደርስ መጠንቀቅ ነው። ተለማማጁ ታዲያ ለእርሳስ 25ን ለ327 አካፍሎ 0.08 ያገኝና «ምንም አይሆንም» ይለኛል። ኧረ በኬልቪን ነው የኔ ልጅ፤ ሴልሺየሱ ላይ 273 ጨምር! 298 ለ600 ሲካፈል 0.5 ነው። አውሮፓ ውስጥ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ የተሰቀሉ የእርሳስ ቱቦዎች በገዛ ክብደታቸው ረግበው ይታያሉ። እሳት አልነካቸውም። ለእርሳስ የክፍል ሙቀት ራሱ ትኩሳት ነው።

የምድጃውን ቁጥር ማመን ሌላው ነው። ይሄን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን 600 ዲግሪ ላይ የሰቀልኩት ናሙና ከታሰበው ጊዜ በግማሹ ተበጠሰ። ሁለት ቀን ብረቱን ስረግም ዋልኩ። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ምድጃውን ከፍተው ሳቁብኝ። ቴርሞካፕሉን፣ ማለትም ሙቀት መለኪያውን፣ ከናሙናው ጋር ያሰርኩበት ሽቦ ላልቶ፣ ጫፉ ቀዝቀዝ ወዳለው የምድጃው አፍ ወርዷል። እሱ 600 ሲል ናሙናው መሃል ላይ ከዚያ በላይ ይግላል። «አሥር ዲግሪ ምን አላት?» እንዳትሉ። ከሙቀትና ከጊዜ ተነስቶ የብረትን ዕድሜ በሚገምተው በላርሰን-ሚለር ቀመር፣ የቀመሩን ቋሚ ቁጥር 20 ብለን ስናሰላ፣ 600 ላይ 100,000 ሰዓት የሚቆይ ብረት 610 ላይ የሚቆየው 52,000 ሰዓት ገደማ ነው። አሁን ሽቦውን ሦስት ቦታ አስሬ፣ በጣቴ ጎትቼ ሳላይ ምድጃ አልዘጋም።

ብረት በውስጡ ከጥቃቅን ክሪስታሎች፣ ከቅንጣቶች፣ ነው የተሠራው። ደቃቅ ቅንጣት ያለው ብረት ሁሌም ይሻላል የሚሉም አሉ። ብረቱ ሙቀት በሌለበት የሚሠራ ከሆነ ልክ ናቸው። በከፍተኛ ሙቀት ግን ቅንጣቶቹ ድንበራቸው ላይ ይንሸራተታሉ። የዘመናዊ ጄት ሞተሮች የተርባይን ብሌዶች ከአንድ ነጠላ ክሪስታል የሚሠሩት ድንበሩን ለማጥፋት ነው።

በ500 ሰዓት ሙከራ ስለ 100,000 ሰዓት አትማሉ። 100,000 ሰዓት ከ11 ዓመት በላይ ነው፤ በዚያ መሃል የቅይጡ ውስጥ ይለወጣል።

መጨረሻው መሰልቸት ነው። ክሪፕ ሦስት ምዕራፍ አለው። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ መስመሩ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ብረቱ ፈጥኖ ተለጥጦ የሚበጠስበት ሦስተኛው ግን ድንገት ነው የሚመጣው። አንድ ጎበዝ ልጅ አርብ ማታ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ምድጃውን አጥፍቶልኝ ሄደ። ሰኞ ስገባ ናሙናው ቀዝቅዞ ተንጠልጥሏል። የሦስት ሳምንት ሥራ ገደል ገባ። ልጁ ኤሌክትሪክ የቆጠበ መስሎት ምስጋና ይጠብቅ ነበር።