በጎማ የምትሄድ የእንጨት ዶሮ አሠራር

የእንጨት መጫወቻ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጋዝ ሳይነካው ነው፤ በውስጡ በቀረው ውኃ። ጎንደር ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ይደርቃል። በክረምት በእርጥቡ የተሠራ መጫወቻ ጥር ሲደርስ ጎማው ይላላል፣ ኮላው ይለቃል፣ ገላው ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንጨቱን በበጋ አድርቁት፣ ሥራውንም በበጋ ጨርሱት።

ለዶሮዋ ገላ ዋንዛ የሚያህል እንጨት የለም። ቀላል ነው፣ ለመሮና ለሞረድ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አያስቸግርም። ከደን ቆርጦ ማምጣት ግን አይሆንም፤ ጥበቃ የሚደረግለት ዛፍ ነው። ደግሞም ለአንዲት ዶሮ ሳንቃ መግዛት ምን አስፈለገ? አልጋና ቁም ሣጥን ከሚሠሩ አናጢዎች ዘንድ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ ይጣመማል፣ ከጫፉም ይሰነጠቃል። ጽድ ሽታው ደስ ይላል እንጂ ቀጠን ያለ ቦታ ላይ በቃጫው መስመር ፍልጥ ይላል። ሁለት ሁለት ጎማ ለሚያያይዘው ዘንግ ወይራ ይሁን።

መድረቁን በእጅ ዳሰሳ ለማወቅ አትሞክሩ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ሳንቃ በጥላ ሥር፣ ነፋስ እያገኘ፣ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ቁርጥራጩን በወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ መዝኑና ጻፉ፤ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ላዩን ቶሎ አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ገላዋ 14 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑራት። ወፍራም እንጨት ካጣችሁ ሁለት ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ቁራጮችን በነጭ ኮላ አጣብቁ። ኮላውን በስሱ ቀብታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ስትይዙት በጠርዙ ትንንሽ ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣ አንሷል። ሌሊቱን ቤት ውስጥ ይደር። ኮላ በብርድ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይመስልና አይይዝም፤ የታኅሣሥ ሌሊት በረንዳ ላይ ማሳደር ሥራውን መጣል ነው።

ቅርጿን ስትስሉ ቃጫው ከመንቆር ወደ ጅራት ይሂድ። ቃጫው ቁመቱን ከተከተለ መንቆሯ በመጀመሪያው ውድቀት ይሰበራል። ወደ ላይ የቆመ ጅራት ግን በዚህ አቅጣጫ ደካማ ነው፤ ከ2 ሳንቲ ሜትር አታሳንሱት። የዘንጉን ቀዳዳዎች ገላዋን ቅርጽ ከማውጣታችሁ በፊት ብሱ፤ አራት ማዕዘኑ እያለ ቀጥ ብሎ ለመብሳት ይቀላል። ቀዳዳዎቹ ከታችኛው ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከፊትና ከኋላ ጫፍ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። ዘንጉ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የገላዋ ቀዳዳ 9 ሚሊ ሜትር ይሁን። ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር የክረምቱ ድርሻ ናት፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ዘንጉን እንዳያንቀው።

ጎማ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ስሕተት አለ፦ ክብ ቅርንጫፍ ወስዶ እንደ ካሮት መቆራረጥ። ክቡ ተዘጋጅቶ የተሰጠ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ከመሐል እስከ ጠርዝ ይተረተራል። እንጨት በክቡ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ውጭ ካለው ሁለት እጥፍ ያህል ስለሆነ ነው። ጎማውን 1.8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ሳንቃ አውጡት። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ አራት ጊዜ በኮምፓስ ሣሉ።

አሁን ጨዋታው። ቀዳዳውን መሐል ላይ ሳይሆን ከመሐሉ 4 ሚሊ ሜትር ሸሸት አድርጋችሁ በ8 ሚሊ ሜትር ብሱ፤ ከዚያ ክቡን ቁረጡና በሞረድ አስተካክሉ። በየጎማው ላይ ከቀዳዳው በመሐሉ አልፎ የሚሄድ የእርሳስ መስመር አስምሩ። ዘንጉን 8 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ አንዱን ጎማ በኮላ አጣብቁ፣ ዘንጉን በገላዋ አሳልፉ፣ ሁለተኛውን አጣብቁ። በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ወደ አንድ ወገን ካዩ ዶሮዋ ትዘላለች፤ በተቃራኒው ካዩ ግራና ቀኝ ትንገዳገዳለች። ሁለተኛው ያምርባታል፤ እንቁላል ልትጥል ቦታ የምትፈልግ ነው የምትመስለው። ኮላው ወደ ገላዋ ቀዳዳ ከገባ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል፤ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ሰም ቀብታችሁ ጀምሩ።

ዓይኗን በጋለ ብረት ጫፍ ተኩሱት። ሚስማር፣ ዶቃ፣ የተጣበቀ ፍሬ አይሁን፤ ተነቅሎ ወደ አፍ ይገባል። የምትጎተትበት ገመድ ከ30 ሳንቲ ሜትር አይርዘም፣ ጫፉም አይቋጠር፤ የተቋጠረ ገመድ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ገላዋን በ120 ከዚያም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። በእርጥብ ጨርቅ አብሳችሁ ስታደርቁት የሚነሣውን ጠጉር በ220ው ድገሙት። ምን ዓይነት እንደሆነ የማይታወቅ የቤት ቀለም አትቀቡ፤ በተለይ ቢጫና ቀይ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ሊኖር ይችላል፣ ልጅ ደግሞ ሁሉንም ያኝካል።

የተልባ ዘይት ይበቃል። ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ መስታወት ላይ በስሱ ቀብታችሁ ፀሐይ ያለበት መስኮት አጠገብ ተዉት፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ቆዳ ከያዘ ንጹሕ ነው። የፓልም ዘይት የተቀላቀለበት ሁልጊዜ ይቅለጨለጫል፣ አይደርቅም። በጨርቅ በስሱ ቀቡ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥርግ አድርጉ፣ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቁ፤ ሦስት ጊዜ። የሁለተኛው ዙር ጨርስ ጨርስ ይላል፤ አትስሙት። ዴንማርክ ቢሉንድ በሚባል ቦታ አናጢው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ሌጎ የሚባለው የቤተሰብ ድርጅት ያ ነው። ልጁ ጎትፍሬድ የእንጨት ዳክዬዎችን ሦስት ጊዜ መቀባት ሲገባው ሁለቴ ብቻ ቀብቶ ወጪ እንዳዳነ ለአባቱ ሲነግረው፣ አባትየው ከባቡር ጣቢያ አስመልሶ ሦስተኛውን አስቀባው።

የዚያ ቤተሰብ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1942 በእሳት ወድሟል፤ በ1960 ደግሞ የእንጨት መጫወቻው መጋዘን ተቃጥሎ ከእንጨት መሥራቱን ተዉት። በእናንተ ዘንድ እሳቱ ሊመጣ የሚችለው ከማይጠረጠር ነገር ነው፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተከመረ ሲደርቅ ራሱን ያሞቃል፣ ያለ ክብሪት ይነዳል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ደጅ ላይ አስጡት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ሰጋቱራ አጠገብ ፈጽሞ አታሳድሩት።