ስኳሬ ላይ የወጡት ጉንዳኖችና የተሳሳትኩት ነገር

ባሕር ዳር ክረምት ሲገባ ጉንዳንም አብሮ ቤት ይገባል። ባለፈው ቡና ልናፈላ ስኳሩን ስከፍት ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ቢጫ ነገሮች በክዳኑ ጠርዝ ተሰልፈዋል። ፍሊት አንስቼ አርከፈከፍኩባቸው። በሳምንቱ መታጠቢያ ቤትም ነበሩ!

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። የኔዎቹ የፈርዖን ጉንዳን ይመስሉኛል። ይሄ ዝርያ በአንድ መንጋ ብዙ ንግሥት ስላለው፣ ሲረበሽ ሠራተኞቹ እጭና ንግሥት ይዘው ሌላ ስንጥቅ ውስጥ ጎጆ ይወጣሉ። ቀስ ብሎ የሚገድል፣ ራሳቸው ተሸክመው ንግሥቶቹ ጋ የሚያደርሱት መርዝ ያለበት ምግብ ይሻላል።

ባክቴሪያን ሁሉ በሽታ ማድረግም ስህተት ነው። ወልባኪያ የሚባለው (በ1924 እ.ኤ.አ. ትንኝ ውስጥ ነው መጀመሪያ የታየው) በነፍሳት ሴል ውስጥ ይኖራል፣ ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፋል። በወንድ በኩል መሻገሪያ ስለሌለው ጥቅሙ ከንግሥቲቱ ጋር ነው። የፈርዖን ጉንዳን መንጋዎች በቤተ ሙከራ ሲታዩ ወልባኪያ ያለባቸው ቶሎ ያድጋሉ፣ አዳዲስ ንግሥቶችና ወንዶች ለማፍራትም ይበረታሉ።

«በቃ፣ ወራሪ ያደረጋቸው እሱ ነዋ!» ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ነው በደንብ የተሸወድኩት። የአርጀንቲና ጉንዳን በትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ወልባኪያ በብዛት ይገኝበታል፣ ባሕር ተሻግሮ በወረራቸው ቦታዎች ግን በአብዛኛው ጠፍቶበታል ወይም ብርቅ ነው፤ ጥቂት ንግሥቶች ብቻ ስለተሻገሩ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያለ እሱም ወረራውን ቀጥሏል።

አንድ ጎረቤቴ ደግሞ «አንቲባዮቲክ ስኳር ውስጥ በጥብጥላቸው» አለኝ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዓይን የሚያሳውረው የኦንኮሰርካ ትል ያለ ወልባኪያ መራባት ስለማይችል ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ገድሎ ያመክነዋል። ጉንዳን ግን ያለ ባክቴሪያው መኖር እንደሚችል አሁን አየን፣ አንተ የምታተርፈው መድኃኒት የለመደ ጀርም ነው።

የመጨረሻው፣ የበዛውን ሁሉ የውጭ ወራሪ ማለት። በ2017 እ.ኤ.አ. በአገራችን ሰሜን፣ በቤተ ክርስቲያን ደኖችና ዙሪያቸው ስለሚኖር ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ ስለሚባል ጉንዳን የወጣ ጥናት አለ። አንዱ መንጋ 38 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ጉንዳኑ ግን የዚሁ አገር ተወላጅ ነው።

ስኳሬን አሁን ውሃ ባለበት ሳህን መሃል አስቀምጬዋለሁ። እስካሁን አልዋኙም።