የጋዝ ሌክ ፍተሻ በሕጉ መሠረት እንዲደረግላችሁ ምን ማድረግ አለባችሁ

ሥራዬ የጋዝ ሌክ፣ ማለትም ከቧንቧ የሚያፈስ ጋዝ፣ መፈለግ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ መሬት የተቀበረውን ቧንቧ በካርታ እየተከተልኩ፣ አየሩን በመሣሪያ እየለካሁ በእግሬ እዞራለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በየአፓርትመንቱ የአገሬን ሰው አገኛለሁ። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ነው፦ «ይሄን የሚቆጣጠር አለ? ብናመለክትስ ማን ይሰማናል?»

የሚሰማ አለ። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ኩባንያውን የሚጠይቀው በመዝገብ ላይ በሰፈረው ነው። ሽታውን ለጎረቤት ብቻ ነግራችሁ ከተኛችሁ ለተቆጣጣሪው ያ ሽታ አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው እንዴት መዝገብ እንደምታስይዙ ነው።

መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እወቁ። የቧንቧ መስመር ደህንነት ደንቡን የሚያወጣው ፊምሳ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ለከተማ ማከፋፈያ መስመር የሌክ ፍተሻ የጊዜ ገደብ አለው። ሱቅና ሕዝብ በሚበዛበት የንግድ አካባቢ በየዓመቱ አንድ ጊዜ መፈተሽ ግዴታ ነው፤ በሁለቱ ፍተሻ መካከል ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። ከዚያ ውጭ ያለው መኖሪያ ሰፈር ቢያንስ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ63 ወር ሳያልፍ ይፈተሻል። የዝገት መከላከያ የሌለውና ዝገቱን በኤሌክትሪክ መለካት ያልተቻለ ቧንቧ ሲሆን ደግሞ በ3 ዓመት አንዴ ነው፤ ጣሪያው 39 ወር። ለምሳሌ የ5 ዓመቱ ገደብ የሚመለከተው የመኖሪያ ሰፈር መንገዳችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው ጁን 2020 ከሆነ፣ ሴፕቴምበር 2025 ሲያልቅ ቀጣዩ ፍተሻ መደረግ ነበረበት። አንድ ቀን ቢያልፍም ጥሰት ነው። ይህን ማንም ሰው በጣቱ ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል።

ደንቡ የፌዴራል ቢሆንም በየግዛቱ ውስጥ ያለውን የከተማ መስመር የሚቆጣጠሩት በአብዛኛው ግዛቶቹ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። ዲሲም የራሷ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አላት። ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ደግሞ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ይባላል። በቢል ለተጣላ ሰው የሚያገለግለው ቢሮ አንድ ነገር ነው፤ የጋዝ ደህንነት መሐንዲሶቹ ሌላ ናቸው። ስትደውሉ «የጋዝ ቧንቧ ደህንነት ክፍል» በሉ። አለበለዚያ ጉዳያችሁ ከቢል ቅሬታ ጋር ተደባልቆ ይሰነብታል።

አሁን ሽታው መጣ እንበል።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች የምናውቀው የሲሊንደር ጋዝ ነው። እሱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። እዚህ በቧንቧ የሚመጣው ግን ከአየር የቀለለ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ በደረጃና በግድግዳ ክፍተት ወደ ላይኛው ፎቅ ይሄዳል። ስለዚህ ሽታው እናንተ ጋ ሆኖ ሌኩ ምድር ቤት ሊሆን ይችላል። የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ስትገዙም ለቧንቧ ጋዝ የሚሰቀለው ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ነው። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም። ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ደንቡ ጋዙ ለመቀጣጠል ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጤነኛ አፍንጫ እንዲለየው ያዝዛል፤ ይህም አየር ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ማለት ነው። እና ከሸተታችሁ አፍንጫችሁን እመኑ። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ስልኩን ቤት ውስጥ አትንኩ። ውጡ፣ ራቁ፣ ከዚያ ደውሉ።

ለሁለቱም ደውሉ፦ ለ911ም፣ ለጋዝ ኩባንያው የድንገተኛ መስመርም። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። ኦገስት 10፣ 2016 ሌሊት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፍላወር ብራንች የተባለው አፓርትመንት ፈንድቶ 7 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነዋሪ ጋዝ ሸተተኝ ብሎ 911 ደውሎ ነበር። እሳት አደጋ መጣ፣ ምንጩን ሳያገኝ ተመለሰ። ጥሪው ለጋዝ ኩባንያው አልተላለፈም። ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ችግሩ ቆጣሪ ክፍል ውስጥ የነበረ አሮጌ የሜርኩሪ ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት የሚቀንስ መሣሪያ) ነው። ትርፍ ጋዙን ወደ ውጭ ማውጣት የነበረበት ቱቦ ከሬጉሌተሩ ጋር አልተያያዘም ነበር። ያ ቦርድ መርምሮ ይመክራል እንጂ አይቀጣም። የቀጣው የሜሪላንድ ኮሚሽን ነው። ኩባንያው እነዚያን ሬጉሌተሮች እቀይራለሁ ብሎ ቀድሞ ቃል ገብቶ ስላልፈጸመ ዋሽንግተን ጋዝን 750 ሺህ ዶላር ቀጥቶታል። ቃሉ በጽሑፍ ስለነበር ነው መጠየቅ የተቻለው።

ስትደውሉ የጥሪውን ቁጥር ተቀበሉ። ሰዓቱን ጻፉ። ቴክኒሻኑ ሲመጣ «ግሬዱ ስንት ነው?» በሉት። ሌክ በአብዛኛው በ3 ደረጃ ይመደባል። ግሬድ 1 ለሰው ወይም ለንብረት አደጋ ነው፤ አደጋው እስኪወገድ ድረስ ቦታውን ሳይለቁ ወዲያው መሥራት አለባቸው። ግሬድ 2 ለአሁኑ አደጋ ባይሆንም ቀጠሮ ተይዞለት ይጠገናል። ግሬድ 3 ክትትል ይደረግበታል። ብዙ የአስተዳደር ክርክር የሚነሳው እዚህ ምደባ ላይ ነው። የ2ን 3 ማድረግ ጥገናውን ያስረዝመዋል።

ምደባው በግምት አይደለም። እኔ አስፋልት ዳር ምልክት ሳገኝ መሬቱን በብረት ዘንግ እበሳለሁ። ቧንቧው አጠገብ አንድ፣ ወደ ቤቱ ጠጋ ብሎ ሌላ፣ ግድግዳው ሥር ደግሞ ሌላ። በየቀዳዳው የመሣሪያውን ቱቦ አስገብቼ ጋዙ ስንት በመቶ እንደሆነ አነባለሁ። ቁጥሩ ወደ ቤቱ ሲጠጋ ከፍ እያለ ከሄደ ነገሩ ከባድ ነው። በክረምት አፈሩ ሲበርድና ሲጠነክር ጋዙ ወደ ላይ መውጫ ያጣና በጎን ወደ መሠረቱ ይሄዳል። ከአጠገቡ ያለውን የፍሳሽና የስልክ ጉድጓድም ክዳኑን ከፍቼ ማየት አለብኝ። አንድ ፈታሽ ከመኪናው ሳይወርድ «ምንም የለም» ቢላችሁ የት የት እንደለካ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት በር ከፍተውልኝ «ልጄ፣ አበሻ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ እየመሩኝ «እዚህ ጋ ይሸተኛል፣ ለሕንፃው ኃላፊ ነግሬዋለሁ» አሉ። መሣሪያዬን ወደ ቆጣሪው ክፍል በር ሥር ሳስጠጋው ጮኸ። ሰዎቹን አስወጥተን ለኩባንያው ድንገተኛ ክፍል ደወልኩ፤ ቆጣሪው ላይ ያለ መጋጠሚያ ላልቶ ነበር። ያሳዘነኝ ሌላው ነው። እኚህ እናት ደጋግመው ተናግረዋል፣ ሕንፃው ግን አንድም ቦታ አልጻፈውም። ለኩባንያውም የደረሰ ጥሪ አልነበረም። ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው ለእንዲህ ያለው ነው። ለኪራይ ቢሮው በቃል አትንገሩ። ቴክስት ወይም ኢሜይል ላኩ፣ ኮፒውን ያዙ።

በር የመክፈቱ ነገር ደግሞ አለ። ቆጣሪያችሁ ሕንፃው ውስጥ ከሆነ፣ ከመንገዱ እስከ ቆጣሪው ያለው ቧንቧ የኩባንያው ኃላፊነት ነው፤ ገብቶ መፈተሽ አለበት። ብዙ ጊዜ በር ላይ «መጥተን አጣናችሁ» የሚል ካርድ ተለጥፎ ይቀራል። መዝገቡ ላይ «መግባት አልተቻለም» ይጻፋል፣ ቀኑም ይነጉዳል። የማታውቁት ሰው ቢያንኳኳ መታወቂያውን በመስኮት ያሳይ፣ ለኩባንያው በቢሉ ላይ ባለው ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ አስገቡት። ሥራ ላይ ከሆናችሁ ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ቀጠሮ ያዙ።

ለኮሚሽኑ ስትጽፉ ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። አድራሻ፣ የሸተተበት ቀንና ሰዓት፣ የጥሪ ቁጥር፣ የተነገራችሁ ግሬድ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው? የቆጣሪው ክፍልስ? ተቆጣጣሪው ከዚህ ተነስቶ የኩባንያውን የፍተሻ መዝገብ፣ ካርታውን፣ የመሣሪያው ልኬት የተስተካከለበትን ቀን፣ የፈታሹን የብቃት ማረጋገጫ ያስቀርባል። የድንገተኛ ጥሪ ዝርዝሩን ከጥገና መዝገቡ ጋር ያስተያያል። የእናንተ ጥሪ ከሌለ ይህ ማስተያየት ባዶ ነው። ጥፋት ካገኘ የጥሰት ማስታወቂያ ይሰጣል፣ ኩባንያው መልስ ያቀርባል፣ ከዚያ የማስተካከያ ትእዛዝ ወይም ቅጣት ይመጣል። በፌዴራሉ ሕግ ለአንድ ጥሰት የአንድ ቀን ቅጣት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ዲሲ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሕግ የቋንቋ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። መልስ ከዘገየ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀንና ቁጥር ጠቅሳችሁ እንደገና ጻፉ፣ ኮፒውን ለምክር ቤት ተወካያችሁ ላኩ። ከአንድ ሕንፃ ብዙ ሰው ሲፈርም ደግሞ ፋይሉ ቶሎ ይከፈታል። ሽታው ከተመለሰ ግን መልስ አትጠብቁ። ያኔውኑ ውጡና ደውሉ፣ አዲስ ቁጥር ተቀበሉ።