ታዳጊዎች በሚወዷቸው ዘፈኖች የሙዚቃ ቴራፒ መሥራት

ታዳጊ የሚወደው ዘፈን ሲናቅ የተናቀው እሱ ራሱ ይመስለዋል። በዚህ ዕድሜ ዘፈን ከማን ወገን እንደሆነና ምን እንደሚሰማው በአፉ ሳይናገር የሚያሳውቅበት መንገድ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን የሚያመጣው ታዳጊው ይሁን። የባለሙያው ሥራ በዘፈኑ ዙሪያ ነው፤ አስቀድሞ መስማት፣ ጥያቄን በቅደም ተከተል ማንሳት፣ ከባድ ስሜት ሲመጣ መያዝና ማንም ስሜቱ እንደታወከ ከክፍሉ እንዳይወጣ ማድረግ። ባለሙያው «ይመክራቸዋል» ብሎ የመረጠው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስገኘው የይሉኝታ ዝምታ ነው።

ይህ የተጻፈው ለሠለጠኑ ቴራፒስቶችና በእነሱ ክትትል ለሚሠሩ ነው። መምህራንና ማኅበራዊ ሠራተኞች የማዳመጡንና የውይይቱን ክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ጥቃት ወይም ከባድ ሐዘን ከደረሰበት ታዳጊ ጋር ግን ያለ ባለሙያ ድጋፍ አትግቡበት።

ከክፍለ ጊዜው በፊት

ከ6 እስከ 8 ሰው ለቡድን ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ዘፈኑ ሳይሰማ የሚቀርበት ልጅ ይበዛል፤ ከ4 ሲያንስ ደግሞ ዝም ማለት የሚፈልገው መሸሸጊያ ያጣል። ወንበሮቹን በክብ ደርድሩ፤ ስፒከሩን ለማንም ጆሮ ሳታስጠጉ አስቀምጡ። ድምፁ ልኩ ነው የሚባለው አጠገብ ያለን ሰው ሳይጮኹ ማነጋገር ሲቻል ነው። በማዳመጫ ለሚሰሙት የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው።

ዘፈኖቹን አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ቀጣዩን ዘፈን በራሱ የሚያስከትለውን ቅንብርም አጥፉ። ልጅቱ እንባዋ ሳይደርቅ የሳሙና ማስታወቂያ ከገባ ያንን ሰዓት መልሶ ማግኘት አይቻልም። ቪዲዮውን አታሳዩ። ምስሉ የዳንስና የልብስ ወሬ ያመጣል፤ ግጥሙ ይረሳል።

ዘፈኑ ከክፍለ ጊዜው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ይድረሳችሁ። «በዚህ ሳምንት ደጋግመሽ የሰማሽው የቱን ነው?» የሚለው ጥያቄ «የምትወጂው ዘፈን የቱ ነው?» ከሚለው ይሻላል፤ ሁለተኛው ለሰው የሚታየውን ምርጫ ያመጣል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ስሙት። ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፍ ግጥም ስህተት ስለሚበዛበት በጆሯችሁ እያመሳከራችሁ አርሙት። የምትፈልጉት ስድብ አይደለም፤ ስድብ ብቻውን ዘፈን አያስከለክልም። የምትፈልጉት ራስን ማጥፋትን ወይም ራስን መጉዳትን የሚያሞግስ፣ የወሲብ ጥቃትን የሚያደናንቅ ወይም ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰው በማንነቱ የሚያዋርድ ስንኝ ነው። ካገኛችሁ ሦስት አማራጭ አለ፤ የተጣራውን ቅጂ ማጫወት፣ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል የሚሆነውን ክፍል ብቻ ማሰማት፣ ወይም ዘፈኑን ለግል ክፍለ ጊዜ ማቆየት። ውሳኔውን ለባለቤቱ ከነምክንያቱ ለብቻው ንገሩት። በቡድኑ ፊት የተከለከለ ታዳጊ ሁለተኛ ዘፈን አያመጣም።

በመጀመሪያው ቀን ስምምነት ይደረግ፦ የሰው ዘፈን አይሳቅበትም፤ ማንም «እኔን እለፉኝ» ማለት ይችላል፤ እጅ ከተነሣ ዘፈኑ ይቆማል፤ የተነገረው እዚሁ ይቀራል። የሚስጥሩንም ወሰን በዚያው ቀን ተናገሩ። ራስን የመጉዳት አደጋ፣ ሰው የሚያደርስባቸው ጉዳት ወይም በሌላ ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል አደጋ ከተነሣ ለሚመለከተው ሰው እንደሚነገር አስቀድመው ይወቁ። ይህ ሳይነገር ቀርቶ በኋላ ሲሆን እንደ ክህደት ይቆጠራል።

አንድ ሰዓት እንዴት ይከፈል

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ስሜትን ከ1 (በጣም መጥፎ) እስከ 10 (በጣም ጥሩ) በቁጥር ለመናገር ናቸው፤ ማብራሪያ አይጠየቅም። 25 ደቂቃ ለአንድ ዘፈን። 15 ደቂቃ ለመዝፈን ወይም ለመጻፍ። የቀረው 10 ደቂቃ ለመዝጊያ፤ እዚያም ቁጥሩ እንደገና ይጠየቃል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ዘፈን ማስገባት የጀማሪ ስህተት ነው፤ የሁሉንም ምርጫ ለማክበር ሲባል አንዱም በቅጡ አይሰማም።

ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ይሰማ፤ መጀመሪያ ያለ ወረቀት፣ ቀጥሎ ግጥሙ በእጃቸው ሆኖ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ አንድ መስመር ብቻ ያሰምርበታል። ሲያበቃ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ዝም በሉ። ለእናንተ ረጅም ይመስላል፤ ለእነሱ ግን ዘፈኑ ገና አላለቀም።

ጥያቄው

ክፍለ ጊዜ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። «ምን ተሰማህ?» ብሎ የጀመረ «ምንም» የሚል መልስና ትከሻ መነቅነቅ ያተርፋል። ከድምፁ ጀምሩ፦ «መሣሪያው የቱ ጋ ነው ጸጥ ያለው?» «አዝማቹ ሲመለስ ድምፁ ምን ሆነ?» ይህ ማንንም አያጋልጥም፤ ከእናንተ ይልቅ እነሱ ስለሚያውቁትም ያናግራቸዋል። ቀጥሎ ወደ ዘፋኙ እለፉ፦ «የሚናገረው ለማን ነው?» «ሳይናገር የተወው ነገር አለ?» ሦስተኛው ስለ ሌላ ሰው ነው፦ «ይህን ዘፈን ማን ቢሰማው ይጠቅመዋል?» ስለ ራሳቸው የሚጠየቀው በመጨረሻ ነው፤ እሱም «ያሰመርሽበትን መስመር ታነቢልን?» ከሚለው ባይበልጥ ይመረጣል።

ታዳጊው «ዘፋኙ» እያለ ሲያወራ ቆይቶ «እኔ» ማለት ከጀመረ ተከተሉት። ወደ «ዘፋኙ» ከተመለሰ አትጎትቱት፤ ርቀቱ መከለያው ነው። «ለምን?» የሚለውን ቃል አስቀምጡት፤ ምርመራ ይመስላል። ግጥሙንም እንደ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ «ትክክለኛ ትርጉሙ» እያላችሁ አትተንትኑ። አንድ መስመር ለሁለት ልጆች ተቃራኒ ነገር ከነገራቸው ለውይይት ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ዘፈኑ ቁስል ሲያባብስ

የሐዘን ዘፈን መስማት በራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ አንድን ዘፈን ለብቻ ደጋግሞ እየሰሙ አንድን ሐሳብ ማብሰልሰል ነው። ታዳጊው ራሱ «ከሰማሁ በኋላ ይብስብኛል፤ ግን አልተውም» ካለ ልብ በሉ። ለታዳጊዎች የተዘጋጀና በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጤናማና ጤናማ ያልሆነ የሙዚቃ አጠቃቀምን የሚለይ ባለ 13 ጥያቄ መለኪያ አለ፤ ውይይት ለመክፈት ይረዳል፤ የበሽታ ምርመራ ግን አይደለም። ቀለል ያለው መንገድ ከማዳመጥ በፊትና በኋላ የስሜት ቁጥር ለአንድ ሳምንት ማስመዝገብ ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ የሚወርድበትን ዘፈን ታዳጊዋ ራሷ ታገኘዋለች፤ ከእናንተ ምክር ይልቅም የራሷን ወረቀት ታምናለች።

ዘፈኑን አትከልክሉ፤ በሚሰሙት ዘፈኖች ተራ ውስጥ ቦታውን ለውጡ። ኢራ አልትሹለር የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው መርህ ሙዚቃው መጀመሪያ ሰውየው ካለበት ስሜት ጋር እንዲገጥምና ከዚያ ቀስ በቀስ እንዲያሸጋግረው ይላል። በተግባር ታዳጊው ለራሱ የሚሰማው 5 ወይም 6 ዘፈን ያለው ዝርዝር፣ በድምሩ 20 ደቂቃ ገደማ፣ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሁን ያለውን ስሜት የሚመስሉ ይሁኑ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዘፈን ከፊተኛው በአንድ ነገር ብቻ ይለይ፤ ወይ በፍጥነት፣ ወይ በድምፅ ጉልበት፣ ወይ በግጥሙ ሐሳብ። ለተረበሸና እረፍት ላጣ ታዳጊ በደቂቃ ከ130 ምት አካባቢ ተነሥቶ በየዘፈኑ 15 ምት ገደማ እየቀነሱ ወደ 70 መውረድ ይቻላል። ፍጥነት ግን ስሜት አይደለም፤ ዝግ ያለ ዘፈን በቁጣ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ለከፋው ልጅ በቀጥታ የደስታ ዘፈን ማጫወት ደግሞ «አልሰማሁህም» ማለት ነው።

ከመስማት ወደ መሥራት

የዘፈኑን ቃና ከዋናው ከ2 እስከ 4 ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ፣ ያለው ርቀት) ዝቅ አድርጉ። በዚህ ዕድሜ በተለይ የወንዶች ድምፅ እየተሰበረ ስለሆነ በምቾት የሚደርሱበት ክልል ይጠባል፤ ከፍ ያለውን አዝማች ሲዘፍን አንዴ ድምፁ ከከዳው ልጁ ዳግም አይዘፍንም። በጊታር ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነርና ሲ ኮርዶች ለብዙ ተወዳጅ ዘፈኖች ይበቃሉ። ለራፕ ደግሞ በደቂቃ ከ80 እስከ 95 ምት ያለው ዝግጁ ቢት ይሻላል፤ ዜማ መያዝ ያቃተው እዚያ ቦታ ያገኛል።

ግጥም ለመጻፍ ባዶ ወረቀት አትስጡ። የዘፈኑን አዝማች እንዳለ ትታችሁ ከአንድ አንጓ አራት መስመር ላይ አንድ አንድ ቃል ብቻ አውጡ። ለምሳሌ፦

በሩን ዘግቼ ______ እሰማለሁ፣
ስልኬ ሲጠራ ______ እላለሁ።

ሲለምዱት ግማሹን መስመር፣ ከዚያም ሙሉውን አንጓ ልቀቁላቸው። ቤት እንዲመታ አታስገድዱ፤ ለመምታቱ ሲባል የሚገባው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሊል ያልፈለገው ነው። የተቀዳው ድምፅ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው ከመቅዳት በፊት ተስማሙ። በሰው ዜማ ላይ የተሠራ ግጥም በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ የባለቤትነት መብት ጥያቄ ያስነሣል፤ የልጁንም ሚስጥር ይበትናል።

ሞትን የሚያነሣ ግጥም ከመጣ በዘፈኑ ውስጥ እየተሽሎከለካችሁ አትጠይቁ። ለብቻው ወስዳችሁ «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?» በሉት፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪያችሁ አሳውቁና የተቋማችሁን የአደጋ ጊዜ አሠራር ተከተሉ።

ማስታወሻውን በዕለቱ ጻፉ፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ ማን እንዳመጣው፣ የቱ ጋ እንደቆመ፣ የተሰመረበት መስመር፣ የመግቢያና የመዝጊያ ቁጥር። «ተደስቷል» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በሁለተኛው ዙር ኮፍያውን አውልቆ አዝማቹን ዘፈነ» ብላችሁ ጻፉ። የመዝጊያ ቁጥሩ ከመግቢያው ከ2 በላይ የወረደውን ልጅ ከመሄዱ በፊት ለብቻው አነጋግሩት።