የጓንትና የማስክ ግዥና ክምችት በመንግሥት ሆስፒታሎች

የመከላከያ ቁሳቁስ ግዥ መነሻው የመጋዘኑ ቢን ካርድ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት ካርድ ነው። ለአስታማሚ «ጓንት አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ሰበቡ ሁልጊዜ በበጀት ይመካኛል፤ የበጀት እጥረት መኖሩ ባይካድም፣ ካርዱ ሲገለጥ ብዙውን ጊዜ ገቢው ተጽፎ ወጪው ያልተቀነሰ ወይም ቀሪው በመደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ሳይመሳከር ወራት ያለፈው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ማንኛውም ጥያቄ ከመዘጋጀቱ በፊት ቆጠራ ተካሂዶ ካርዱ መስተካከል አለበት።

በተቀናጀው የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት መሠረት ሆስፒታሎች በየ2 ወሩ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ይልካሉ። ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር ፍጆታ፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ የአስቸኳይ ጥያቄ መነሻው ደግሞ የ2 ሳምንት ፍጆታ ነው። ስሌቱ ቀላል ሲሆን የ2 ወሩ ፍጆታ በ2 ተባዝቶ በእጅ ያለው ይቀነስለታል። ስህተት የሚገባው ዕቃው ጨርሶ ያልነበረባቸው ቀናት ሳይታሰቡ ሲቀሩ ነው። ለምሳሌ አንድ ሆስፒታል በ60 ቀን ውስጥ 480 ፓኬት የምርመራ ጓንት ተጠቅሞ በ20ዎቹ ቀናት ግን ምንም ጓንት ካልነበረው፣ የተስተካከለው ፍጆታ 480 ለ40 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ የሚገኘው 720 ነው። ከፍተኛው ክምችት 1,440 ይሆናል፤ በእጅ 300 ፓኬት ካለ የሚጠየቀው 1,140 ነው። ማስተካከያው ካልተሠራ ጥያቄው ወደ 660 ይወርድና ያለፈው እጥረት ለመጪዎቹ ወራት ይወረሳል።

በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ስሌት አያገለግልም። ኮቪድ-19 በመጋቢት 2012 ወደ አገራችን ሲገባ የቀደመው የማስክ ፍጆታ ለትንበያ የሚረዳ አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠበቀው የታካሚ ቁጥር፣ አንድ ታካሚ በቀን የሚያገኛቸው ባለሙያዎችና እያንዳንዱ ባለሙያ የሚቀይረው ብዛት ተባዝተው ፍላጎቱ ይገመታል። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ደግሞ የዚያ ወቅት ቁጥር ከመደበኛው ፍጆታ ጋር እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ያሻል።

ዕቃው በቅድሚያ የሚጠየቀው ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ ነው። እዚያ ከሌለ ዕቃው እንደሌለ የሚገልጽ ማረጋገጫ ተይዞ ከግል አስመጪና አከፋፋይ ወደ መግዛት ይኬዳል፤ ያለ ማረጋገጫው የተገዛ ዕቃ በኋላ የኦዲት ጥያቄ ያስከትላል። መደበኛው የግዥ ዘዴ ግልጽ ጨረታ ነው፤ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቦ መግዛት) የሚፈቀደው በመመሪያ ለተወሰነ አነስተኛ መጠን ሲሆን፣ ከጨረታ ለማምለጥ አንዱን ግዥ መሸንሸን የተከለከለ ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ብዙ ሆስፒታሎች በግንቦትና በሰኔ ይጣደፋሉ። ጥድፊያው ገበያ ላይ የተገኘውን ሁሉ ያስገዛል፤ ዕቅዱ ሐምሌ ላይ ተዘጋጅቶ አቅርቦቱ በዓመቱ ውስጥ ተከፋፍሎ እንዲገባ ውል ቢታሰር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ስፔሲፊኬሽኑ (የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር መግለጫ) ነው። «ጓንት፣ ጥራቱ የተጠበቀ» ተብሎ በተጻፈ ሰነድ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ሁሉ አሸናፊ ነው። የምርመራ ጓንት መሆኑ፣ ላቴክስ ወይስ ናይትራይል፣ ዱቄት አልባ መሆኑ፣ የትንሽ፣ የመካከለኛና የትልቅ ልኩ ድርሻ ተለይቶ ይጻፍ፤ ትልቅ ልክ ብቻ የተገዛበት ዋርድ ውስጥ ነርሷ ደም ስር ስትፈልግ ጓንቱ ከጣቷ ጫፍ ላይ ይጨማደድና አውልቃው መሥራት ትጀምራለች። የኦፕራሲዮን ጓንት በቁጥር ልክ ስለሚታዘዝ 7ና 7.5 ብቻ ከማዘዝ በፊት ቀዶ ሐኪሞቹና አዋላጆቹ ይጠየቁ። ለሕክምና ማስክ «ባለ 3 ድርብ» የሚለው አይበቃም፤ ባክቴሪያን የማጣራት አቅሙ ቢያንስ 98 በመቶ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል። ለሳንባ ነቀርሳ ክፍል የሚያስፈልገው በአየር ላይ ያሉ ጥቃቅን ብናኞችን የሚያጣራው ኤን95 ማስክ ሲሆን ይህን በቀዶ ሕክምና ማስክ መተካት አይገባም። ለሁሉም ዕቃዎች በርክክብ ጊዜ የመጠቀሚያ ዘመናቸው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እንዲቀር በውሉ ይግባ።

ርክክብ የሚፈጸመው በፊርማ ብቻ ከሆነ ስፔሲፊኬሽኑ የወረቀት ጌጥ ይሆናል። ከተለያዩ ካርቶኖች ናሙና ይወሰድ፤ ጓንቱ 1 ሊትር ውሃ ተሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ይንጠልጠል፤ የሚያንጠባጥብ ከበዛ ካርቶኖቹ ሁሉ ይመለሱ፤ የተፈተነው ናሙና ይወገድ። የአሜሪካ ፈቃድ ያለው ኤን95 በጭንቅላት የሚታሰሩ 2 ማሰሪያዎች ያሉትና «ቲሲ-84ኤ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር የታተመበት ነው፤ በጆሮ የሚንጠለጠል ከሆነ ሊያጠራጥር ይገባል። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) የሚቆረጠው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው፤ አቅራቢው መኪና አቁሞ ሲያጣድፍም ቢሆን።

በመጋዘን ውስጥ ካርቶኖች ከወለል 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀው፣ ከፍታቸው ከ2.5 ሜትር ሳይበልጥ ይደርደሩ። የላቴክስ ጓንትና የኤን95 ላስቲክ በሙቀትና በፀሐይ ስለሚደርቁ በመስኮት በኩልና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለው ላይኛው መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። አልኮልና የእጅ ማጽጃ እሳት ስለሚይዙ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። በረኪና ደግሞ በቆየ ቁጥር ኃይሉ ስለሚቀንስ ብዙ ማከማቸት አይመከርም፤ 5 በመቶ የተባለው ጄሪካን ደክሞ ከሆነ 1 እጁን ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ 0.5 በመቶ አገኘሁ ማለት አይቻልም። በአጠቃላይ የሚወጣው በቅድሚያ የገባው ሳይሆን መጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልቀው ነው።

ለዋርዶች የሚሰጠው በተወሰነ ቀን፣ በውስጥ መጠየቂያ ቅጽ ሲሆን የቀራቸው መጠን ተሞልቶ ይምጣ። አቅርቦቱ የማይታመን ሲሆን ኃላፊ ነርሶች ጓንት በሎከር ይደብቃሉ፤ ይህን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማስቀረት አልተቻለም፣ በየሳምንቱ በቀጠሮ ቀን ሳይቋረጥ ማደል ግን ይቀንሰዋል። ክምችቱ ከ2 ሳምንት በታች ሲወርድ የ2 ወሩ ሪፖርት ሳይጠበቅ የአስቸኳይ ጥያቄ ይላካል። የሚጠቀምበት ያጣ ትርፍ ዕቃ ካለም የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ 6 ወር ሲቀረው ለአቅራቢያ ጤና ጣቢያዎች በጽሑፍ ተገልጾ በሕጋዊ ዝውውር ይተላለፍ።