የፋሲካ ሥራ ቅዳሜ ላይ እንዳይከመር፦ ዶሮውን፣ ድፎውንና ቤቱን እንዴት እንደሚያዘጋጁ

ፋሲካ የሚገባው ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ ሥራው ግን ቅዳሜ ከተጀመረ አይደርስም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርትም ሆነ የድፎ ሊጥ ሰዓቱን ካላገኘ እሳት ቢጨመርበት አይበስልም፤ ያርራል እንጂ። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ሰው ከመሥሪያ ቤት ደክሞ ይገባል፣ ስግደት አለበት፣ ጾሙም ወደ 55ኛው ቀን እየተጠጋ ጉልበት ቀንሷል። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው አሠራር ከመጨረሻው ይነሣል። ወጡ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ከእሳት መውረድ አለበት ብለን ወደ ኋላ እንቆጥራለን። መጠኑ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ለሚበላበት ቤት ነው።

ይህን አሠራር የያዝኩት አንድ ዓመት ሽንኩርቱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መክተፍ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ድስቱ ከተጣደ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው መብራት ሄደ። ከሰል እስኪቀጣጠል፣ ሽንኩርቱ እንደገና እስኪሞቅ መሽቶ ነበር፤ በርበሬውን ቸኩዬ ጨመርኩት። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወጡ ጣፋጭና ውኃ ውኃ የሚል፣ ሽንኩርቱም ለብቻው የሚታይ ሆኖ ቀረበ። እናቴ አንድ ጉርሻ ወስዳ ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት ቅዳሜ አቁላልቼ አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት

ጠላ የምትጠምቁ ከሆነ ጥንስሱ በዚህ ጊዜ መጣል አለበት፤ ጠጅ ደግሞ ከዚህም ቀደም ብሎ ይጀመራል። ሁለቱም ለብቻቸው ብዙ ስለሚያስጽፉ እዚህ አልገባባቸውም። በርበሬው በቂ መሆኑን፣ ቀለሙም አለመፍዘዙን ይዩ። የከረመ በርበሬ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ፤ ቅቤ ቢበዛበትም ወጡን አያቀላውም።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ፦ ቅቤ

ገበያ ላይ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ቅቤ ያገኛሉ። ለዶሮ ወጥ መካከለኛውን እመርጣለሁ፤ ለጋው ሽታው ይሳሳል፣ በሳሉ ደግሞ ቅመሙን ይውጠዋል። ጾመኛ ሰው ቅቤ አይቀምስምና በጣትዎ መካከል አሽተው ያሽትቱት። እውነተኛ ቅቤ በእጅ ሙቀት ወዲያው ይቀልጣል፤ ዱቄት ዱቄት የሚል ወይም ጣት ላይ የሚጓጉል ነገር ካለው ይተዉት።

አንድ ኪሎ ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው በዝግታ እሳት ላይ ይጣዱ። ሲቀልጥ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ ኮሰረት፣ ትንሽ ደረቅ በሶብላ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ የታመሰ አብሽና ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይጨምሩ። ከዚያ ጆሮዎን ይስጡት። ቅቤው መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ይህ በውስጡ ያለው ውኃ ነው። ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ ሲል፣ አረፋው ሲወርድና የድስቱ ሥር ወለል ብሎ ሲታይ ነጥሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ ያውርዱት፤ ሌላ ሥራ ያዙና ትተውት ከሄዱ ግን ሥሩ ያርራል፣ ያረረ ቅቤ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ሲበርድ በጥሩ ወንፊት ያጥልሉ።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ፦ ገበያ

ሽንኩርቱ የሐበሻ ቀይ ሽንኩርት ይሁን፤ አንገቱ የደረቀውንና ጠንካራውን ይምረጡ። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል ያስፈልጋል። ሲገዙት የሚበዛ ይመስላል፤ ሲቁላላ ግን ከድስቱ ሩብ አይሞላም። እንቁላሉን፣ ሎሚውን፣ የስንዴ ዱቄቱንና የኮባ ቅጠሉን አብረው ይግዙ። ከሐሙስ በኋላ የሁሉም ዋጋ ይወጣል፤ ኮባውም እየተቀደደ ይመጣል።

ዶሮውን ረቡዕ ይግዙ። ላባው ስለሚያታልል በዓይን ብቻ አይመርጡ፤ አንሥተው ደረቱን በእጅዎ ይዳብሱ። የደረቱ አጥንት እንደ ቢላዋ ጠርዝ ከወጣ ሥጋ የለውም። ኩክኒው ቀይ፣ ዓይኑ ንቁ፣ አፍንጫው ደረቅ ይሁን። ቤት ሲያደርሱት ጥላ ሥር አስረው ጥሬና ውኃ ይስጡት። ተልባውንም በዚሁ ሰሞን አምሰው ይፍጩት፤ ሌሊት ይፈለጋል።

ረቡዕ ማታ፦ ቁሌት

የሳምንቱ ትልቅ ሥራ ይህ ነው፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይመድቡለት። ረቡዕ እንዲሆን የምመክረው መብራት ቢሄድ ሐሙስ ስለሚተርፍ ብቻ አይደለም። ዶሮው ከገባ በኋላ ጾመኛ እጅ ወጡን መቅመስ አይችልም፤ ብዙ እናቶች ደግሞ ዓርብ አክፍለው፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ነው ቅዳሜ ድስቱ ፊት የሚቆሙት። ቁሌት በዘይት ሲሠራ ግን የጾም ነው። ማታ ላይ ጨውን፣ የበርበሬውን መብሰል፣ ምሬት ካለው ምሬቱን በምላስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። የወጡ ጣዕም የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ቅዳሜ የሚቀረው ማሽተት ብቻ ነው።

ሽንኩርቱን በቢላዋ አድቅቀው ይክተፉ። ማሽን ከተጠቀሙ እንደ ገንፎ እስኪሆን አይፍጩት፤ ውኃው በዝቶ ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል። ሰፊና ሥሩ ወፍራም የሆነ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት ይጨምሩትና ውኃውን እስኪለቅ በጠንካራ እሳት ያማስሉ። ከዚያ እሳቱን ቀንሰው በየጥቂት ደቂቃው ሥሩን በማማሰያ እየፋቁ ይቆዩ። ቀለሙን ይከተሉ። መጀመሪያ ሐምራዊነቱ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ገርጥቶ ያብረቀርቃል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የማር መልክ ይይዛል፤ በመጨረሻ ወደ ጠይምነት ሄዶ አንድ ላይ ይሰበሰባል። አሁን አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ ከዚያ ሦስት የቡና ስኒ በርበሬ ይጨምሩ።

በርበሬው ከገባ በኋላ ሙቅ ውኃ በአጠገብዎ ይኑር። አንድ ስኒ ጠብ ያደርጋሉ፣ እስኪመጠጥ ያማስላሉ፣ እንደገና አንድ ስኒ ይጨምራሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ድስቱን ያበርደዋል፤ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ደግሞ በርበሬውን ጥሬ ያደርገዋል። ይህ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መድረሱን የማውቀው ማማሰያውን በድስቱ ሥር ስስብ ኋላው መንገድ ሲተው፣ መንገዱም ቀስ ብሎ ሲገጥም፣ ዘይቱም በዳር በዳር ቀይ ሆኖ ሲወጣ ነው። የበርበሬው ሽታም አፍንጫ መቆንጠጡን ይተዋል። ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረው አሥር ደቂቃ ያብስሉ። ጨው ይጨምሩ፤ ይቅመሱ። ዶሮው በሎሚና በጨው ስለሚዘፈዘፍ ቁሌቱ ጨው ትንሽ ያነሰው ይሁን።

ሲበርድ ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ። ማቀዝቀዣ ከሌለ ሐሙስና ዓርብ ማታ አንድ አንድ ጊዜ በደንብ አንተክትከው ይክደኑት። አንድ ጭልፋ ያህል ወስደው ለሐሙስ ሽሮ ቢጠቀሙበት አይጎድልም።

በዚያው ማታ የጤፉን ሊጥ ያቡኩ።

ጸሎተ ሐሙስና ስቅለት

ሐሙስ የጉልባን ቀን ነው። ስንዴው፣ ባቄላውና ሽንብራው ምድጃ ላይ ሆኖ ቤቱን ማጽዳት ይቻላል፤ ጀሪካኖቹን ውኃ ይሙሉ፣ ከሰልም ይኑር። ዓርብ ምንም ሥራ አልመድብም። ሰው ሲሰግድ ውሎ ወገቡን ይዞ ነው የሚመለሰው፤ ቀኑም የሥራ ቀን አይደለም። ማታ ከመተኛት በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ ይበቃል፦ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ሦስት ሩብ ሊትር ውኃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ አዋሕደው ይሸፍኑ። ይህ ሌሊቱን በዝግታ የሚቦካው ሊጥ ነው ለድፎው ሽታና ልስላሴ የሚሰጠው።

ቅዳሜ ጠዋት

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ለእንጀራው አብሲት ይጣሉ። ሊጡ እስኪነሣ ወደ ድፎው ይዙሩ። ሌሊት ባደረው ሊጥ ላይ ሌላ አንድ ኪሎ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ ግማሽ ስኒ ዘይትና ግማሽ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ጨምረው ሩብ ሰዓት ያሹ። ውኃውን በአንድ ጊዜ አይጨርሱት፤ ዱቄት እንደ ዓይነቱ ይጠጣል። ሊጡ ከእጅ ሲላቀቅ ሸፍነው ኩፍ እስኪል ይተዉት። እንጀራው የሚጋገረው በዚህ መካከል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ ስለሚጥድ መብራቱ ሊደክም ይችላል።

ኮባው ጥሬውን ከታጠፈ ይሰነጠቃል። ወፍራሙን አከርካሪ በቢላዋ ልጠው፣ ቅጠሉን በእሳት ላይ ወዲያና ወዲህ ለብለብ ያድርጉት። እሳቱ የነካው ቦታ ወዲያው ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ እንደ ጨርቅም ይለሰልሳል። ዘይት ቀብተው ምጣዱ ላይ ወይም ክብ መጋገሪያ ውስጥ ጠርዙ እንዲተርፍ አድርገው ያንጥፉ፤ ሊጡን ገልብጠው እጅዎን ውኃ እያስነኩ ያስተካክሉ። ግማሽ ሰዓት አርፎ በሌላ ኮባ ይሸፈን። በምድጃ ማለትም በኦቭን 180 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በምጣድ ከሆነ በመካከለኛ እሳት ከድነው፣ ሥሩ ሲይዝ በሰፊ ትሪ ገልብጠው ሌላውን ፊት ያብስሉ። ሥሩን በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ቅል ካንኳኩት የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ኮባ ካጣችሁ በእስያውያን መደብሮች በረዶ ሆኖ የሚሸጠው የሙዝ ቅጠል ይተካዋል፤ ሽታው ግን ትንሽ ይለያል።

አይቡንም ጠዋት ያውጡ። አሬራውን በዝግታ እሳት ሳያማስሉ ያሙቁት፤ ረግቶ ሲንሳፈፍ ሳይፈላ አውርደው፣ ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉ።

ከሰዓት በኋላ፦ ዶሮው

ታርዶ በፈላ ውኃ ከተነጨ በኋላ ቀሪው ላባ በእሳት ይለብለብ፤ ቆዳው ይገፈፍ። 12ቱን ብልት ሲያወጡ አጥንት አይስበሩ፤ መገጣጠሚያውን በጣት ፈልገው በቢላዋ ጫፍ ይለያዩ። የተሰበረ አጥንት ወጡ ውስጥ ስንጥር ይሆናል። በሎሚና በጨው እያሹ፣ የመጨረሻው ውኃ እንደገባ ጠርቶ እስኪወጣ ይጠቡ፤ ከዚያ በሎሚ ውኃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉ።

10 ሰዓት ላይ ቁሌቱን ያሙቁ። 300 ግራም ንጥር ቅቤ ጨምረው አሥር ደቂቃ ያቁላሉ፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ሽታ ሠፈሩን ያዳርሳል። ዶሮውን አጠንፍፈው ታፋና ቅልጥሙን አስቀድመው፣ ፈረሰኛውንና መላላጫውን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያስገቡ። በጥቂት ሙቅ ውኃ፣ በዝግታ ይንተክተክ። የፈረንጅ ዶሮ በአርባ ደቂቃ ይደርሳል፤ የሐበሻ አውራ ዶሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈልግ ይችላል። የተቀቀሉትን እንቁላሎች ልጠው አራት ቦታ ሸንተር አድርገው፣ ለማውረድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይጨምሩ። መከለሻና ኮረሪማ በመጨረሻ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ጨዉን ካጠራጠረዎት ያልጾመ ልጅ ያስቀምሱ።

ወጡ ሲወርድ ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ ረከቦቱ ይቅረብ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ቢሆንም ይተኙ፤ ሌሊቱን መቆም አለ።

ሌሊትና ከዚያ በኋላ

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወጡን እስኪንተከተክ ያሙቁት። ሆዱ 55 ቀን ቅቤና ሥጋ አላየምና በመጀመሪያ ተልባውን በውኃና በማር በጥብጠው አንድ አንድ ብርጭቆ ይስጡ፤ ቀጥሎ ድፎው ይቆረስ፤ ዶሮው ጥቂት ይቅረብ፣ ከአይብ ጋር። ብዙው ለእሑድ ቀን ይቆይ።

ድስቱን በየምግቡ ሰዓት እያሞቁ መመለስ ወጡን ያበላሸዋል። የሚበላውን ብቻ በትንሽ ድስት ቀንሰው ያሙቁ፤ የቀረው ሲበርድ በትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ማቀዝቀዣ ይግባ። የተረፈውን ድፎ በራሱ ኮባ ጠቅልለው በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ለሰኞ ቁርስ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።