ጅማ ቁጭ ብሎ የድራማ ስክሪፕት መጻፍ፣ ከየት ይጀመራል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ የፊልም ወይ የድራማ ስክሪፕት ጸሐፊ ለመሆን ሻንጣ ሸክፎ አዲስ አበባ መግባት ግዴታ አይደለም፣ ቢያንስ ጅማሬው ላይ። 350 ኪሎሜትር ምናምን ነው፣ ፕሮዲውሰር ሲጠራችሁ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። ባዶ እጅ ሄዶ የቤት ኪራይ እየከፈሉ ሰው ከመፈለግ እዚሁ እናት ቤት እየበሉ ሁለት ያለቀ ስክሪፕት ይዞ መሄድ ይሻላል። ያለቀ ነው ያልኩት፣ ሀሳብማ ማን የሌለው አለ፣ የባጃጅ ሾፌሩን ብትጠይቁት እሱም "የኔ ህይወት ራሱ ፊልም ይወጣዋል" ይላችኋል።

ስክሪፕት ላይ የሚጻፈው ካሜራ የሚያየውና ማይክ የሚሰማው ብቻ ነው፣ ጀማሪ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ይጽፋሉ፦ "ከድር ታናሽ ወንድሙ ከአባታቸው ተደብቆ ቡና መሸጡን ሲያውቅ በጣም ተናደደ፣ ልጅነታቸውም ትዝ አለው።" ይሄ ልብወለድ ነው፣ ንዴቱን ካሜራው በየት በኩል ይየው? ትዝታውንስ? እስኪ እንዲህ እናድርገው፦

ውስጥ – የቡና መጋዘን፣ ጅማ መርካቶ – ቀን
ከድር ጆንያ ይቆጥራል። አንዱን በእግሩ ገፋ ሲያደርገው ጆንያው በቀላሉ ይንሸራተታል። ጎንበስ ብሎ አፉን ይፈታዋል፣ ከላይ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና)፣ እጁን ሲከት ገለባ። ናስር በሩ ላይ ቆሟል፣ የሞተር ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።
ናስር፦ ሻይ አልጠጣህም?
ከድር፦ (ጆንያውን መልሶ እያሰረ) አባባ ነገ ያስመዝናል።
ቁልፉ መሽከርከሩን ያቆማል።

ማንም ተናደድኩ አላለም፣ ማንም ሌባ አልተባለም፣ ግን ሁሉም ገባን። ቀሪው የተዋናዩ ስራ ነው፣ ተዋናይ ደግሞ እንዲህ አይነት ሲን (ትዕይንት) ሲሰጡት ይወዳችኋል። ግስ ሁልጊዜ በአሁን ጊዜ፣ "ይገፋል፣ ይፈታል"፣ "ገፍቶ ነበር" ብሎ ነገር የለም።

ከላይ ያያችሁት ፎርማት አብዛኛው ዓለም የሚጠቀመው ነው፣ ውስጥ ወይ ውጪ፣ ቦታው፣ ቀን ወይ ማታ፣ ከዛ ድርጊት፣ ከዛ ንግግር። ኢንተርኔት ላይ "አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ" የሚል ታገኛላችሁ፣ እሱ ኩሪየር በሚባል ፎንት በ12 መጠን ለተጻፈ እንግሊዝኛ የወጣ ግምት ነው፣ ኩሪየር ላይ ደግሞ ፊደላችን የለም። እኛ በኒያላ ወይ በአቢሲኒካ ነው የምንጽፈው ስለዚህ ገጽ ቆጥራችሁ 90 ደቂቃ ፊልም ጻፍኩ አትበሉ፣ የስልክ ስቶፕዋች ከፍታችሁ ድርጊቱንም እያሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሶፍትዌር ምናምን አያሳስባችሁ፣ ወርድ ይበቃል። ስትልኩ ግን በፒዲኤፍ፣ አለበለዚያ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይከፈትና ሰውየው ሳያነበው ይዘጋዋል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ አልልም። ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዛ በአንድ ገጽ ሲኖፕሲስ (የታሪኩ አጭር ማጠቃለያ)፣ ከዛ ሲኖቹን አንድ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ወለል ላይ መደርደር፣ የማያስፈልገውን ማንሳት፣ ከዛ መጻፍ። ተከታታይ ድራማ ከሆነ የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ፣ የገጸ ባህሪያቱን ማንነት፣ የቀጣዮቹን ክፍሎች ደግሞ አጠር ያለ ጭብጥ። ሲያልቅ አራት ጓደኛ ቡና ጥሩና ተካፍለው ያንብቡት፣ እናንተ ዝም በሉ፣ ማስረዳት ክልክል ነው፣ ምላሳቸው የተደናቀፈበትን ዲያሎግ ብቻ አክብቡ።

ስለ ንግግር ካነሳን፣ የጅማ ሰው እንደ ቦሌ ልጅ አይናገር በናታችሁ። እዚህ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ ይጨርሳል፣ ሲቆጣ ቋንቋ ይቀይራል፣ ይሄን ጆሮ አዲስ አበባ ያለ ደራሲ በገንዘብ አይገዛውም። በሁለቱም መጻፍ የምትችሉ ደግሞ በራችሁ ሁለት ነው፣ አዳማ ያለው የኦሮሚያው ቴሌቪዥን ኦቢኤን አለ፣ የአማርኛዎቹ ጣቢያዎች አሉ።

ሌላው ብር ነው። የምትጽፉት እያንዳንዱ መስመር የሆነ ሰው ኪስ ይነካል። 300 ሰው ያለበት ሰርግ፣ ማታ ውጪ የሚቀረጽ ጸብ (መብራትና ጄነሬተር ማለት ነው)፣ የመኪና ግጭት፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት የሚቃጠልበት ሲን፣ እነዚህን ያየ ፕሮዲውሰር ሁለተኛ ስልክ አያነሳም። ሁለት ቤት፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ መንገድ፣ ስድስት ሰው፣ ለመጀመሪያ ስራ ይሄ ይበቃል። ክረምት ላይ የሚቀረጽ ከሆነ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ የውጪ ሲን ቀንሱ ወይ ዝናቡን ራሱ ታሪኩ ውስጥ አስገቡት።

ሰው ለማግኘት የምትወዱትን ድራማ መጨረሻ ላይ የሚያልፉትን ስሞች አቁማችሁ አንብቡ፣ ፕሮዳክሽኑን ፈልጉ፣ ደውላችሁ ጠይቁና ሲኖፕሲሱን ብቻ በኢሜል ላኩ፣ መቼ እንደላካችሁ የኢሜሉ ቀን ማስረጃ ይሆናል። ረዳት ጸሐፊ ሆኖ አንድ ሁለት ክፍል መጻፍ አሪፍ መግቢያ ነው፣ አትናቁት።

አሁን ሁሉም የሚፈራው "ሀሳቤን ቢሰርቁኝስ" ነው። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ሀሳብን አይጠብቅም፣ የተጻፈውን ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ካፌ ውስጥ በአፍ ከመተረክ ጽፎ መያዝ። ጥበቃው ሳይመዘገብም ከጻፋችሁበት ጊዜ ይጀምራል፣ ግን አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ማስመዝገቡ ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ከስርቆት በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ሰው አዝዟችሁ ለጻፋችሁት ስራ በውል ካልተስማማችሁ በስተቀር የኢኮኖሚ መብቱ (ከስራው ገንዘብ የማግኘት መብት) የአዛዡ ነው፣ ህጉ ራሱ ነው የሚለው። "በወንድምነት እንሰራለን" ሲባል ማን እንደሚጎዳ ገባችሁ አይደል? ውሉ በጽሁፍ ይሁን፣ ቀብድ ሲፈረም፣ ግማሹ የመጀመሪያው ድራፍት ሲገባ፣ ቀሪው ሲጸድቅ። ስንት ጊዜ በነጻ እንደምታርሙ፣ ስማችሁ የት እንደሚወጣ፣ ስፖንሰር ጠፍቶ ቀረጻው ቢቆም ምን እንደሚሆን፣ ሁሉም ይጻፍ።

ተከታታይ ድራማ ከያዛችሁ ደግሞ ከቀረጻው አራት አምስት ክፍል ቀድማችሁ ጻፉ። ተዋናይ ይታመማል፣ ይኮርፋል፣ ሌላ ስራ አግኝቶ ይጠፋል፣ ዳይሬክተሩ ማታ ሶስት ሰዓት ደውሎ "ናስርን አውጣልኝ" ይላል። ክፍል ካላችሁ በእጅ፣ ናስርን አጋሮ ቡና ለቀማ መላክ የአንድ ሌሊት ስራ ነው፣ ህዳር ከሆነ ማለቴ ነው፣ ግንቦት ላይ ከላካችሁት ግን የጅማ ተመልካች ይስቅባችኋል።